ለሽማግሌ የተጎዘጎዘ ቄጠማ

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፤ ዛሬ ለሕሊና ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ እሷ ከፀጉር ቤት ስትመለስ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር አባቷ አቶ ደነቀ ሳሎኑን ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ነጯ ጥንቸሏ ሻሽም መሐል ሳሎን ተንፈላስሳ ጠበቋት።

ሕሊና፦ እኔ እኮ ያልኩህ ሶፋውን አራግፍልኝ ነው። ጎዝጉዝልኝ መች ወጣኝ?

አቶ ደነቀ፦ እና ሽማግሌ በባዶ ሴራሚክ ላይ ልቀበል? የደነቀ ቤት ቄጠማ ቸገረው ሊባል? በትከሻዬ ተሸክሜ አራት ፎቅ የወጣሁት ለማን ሆነና።

ሕሊና፦ እሺ፣ እሱስ ይሁን። ሻሽን ማን ከክፍሏ አወጣት?

አቶ ደነቀ፦ በሩን ስትቧጭር ጊዜ ከፈትኩላት። ዓመት በዓል የመጣ መሰላት መሰለኝ፣ ደስታዋን ብታዪ። በየጥጉ እየዞረች ቤቱን ስትመርቅልን ነበር።

ሕሊና፦ ስትመርቅ አልነበረም አባዬ። ጎንበስ በልና እየው።

አቶ ደነቀ፦ ምኑን? ይሄን ጥቁር ጥቁሩን? ጥቁር አዝሙድ ነዋ። ቄጠማ የሸጠችልኝ ሴትዮ ቅመምም ነበራት፣ ተደፍቶባት ይሆናል።

ሕሊና፦ እንዳትቀምሰው ብቻ።

አቶ ደነቀ፦ ቆይ እስቲ፣ መነጽሬን አቀብዪኝ።

ሕሊና፦ ግንባርህ ላይ ነው።

አቶ ደነቀ፦ ኧረግ። በጠጥ ነው በዪኛ።

ሕሊና፦ በጠጥ ነው። ከበሩ እስከ ቴሌቪዥኑ።

አቶ ደነቀ፦ ይቺ ናት እንግዲህ ጨዋዋ? "የኔ ሻሽ ሳፋዋን ታውቃለች፣ ከሳፋዋ ውጪ ንክች አታደርግም" እያልሽ ጎረቤቱን ስትሰብኪበት የነበረው?

ሕሊና፦ ታውቃለች። የምታውቀው ግን በሣሩ ነው። ጥንቸል እየበላች ነው የምትጸዳው፤ ከላይ ታስገባለች፣ ከታች ታወጣለች፣ ለሷ አንድ ሥራ ነው። ድርቆሹን ሳፋዋ ጠርዝ ላይ የማስቀምጥላት ለዚህ ነው። ሣር ያለበት ቦታ መጸዳጃዬ ነው ብላ ነው የተማረችው።

አቶ ደነቀ፦ እና እኔ ሳሎኑን በሣር ስሞላው...

ሕሊና፦ ሰፊ ሳፋ አዘጋጀህላት። ብትመርቅልህ ምን ይገርማል።

አቶ ደነቀ፦ ቢሆንም የራሷ ሳፋ እያላት የኔን ሳሎን ምን አስመኛት? "በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ይሉት ነገር ነው።

ሕሊና፦ የራሷ ሳፋ ታዲያ የታለ? ክፍሏ ውስጥ የለም።

አቶ ደነቀ፦ በረንዳ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል ብዬ በበረኪና ፈትጌ ፈትጌ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። አሁን ብታዪው ሊጥ ይቦካበታል።

ሕሊና፦ በበረኪና? አባዬ፣ ሽታዋን አጠፋህባት እኮ። ትንሽ የራሷ ሽታ ካልቀረበት የኔ ነው አትልም። እኔ እኮ ጠብ ባለ አቼቶ አለቅልቄ፣ ከአሮጌው ጭድ ቆንጠር አድርጌ የምመልስበት ወድጄ አይደለም።

አቶ ደነቀ፦ እኔ ደግሞ ያንን ቁንጣሪ ባየሁ ቁጥር "ይቺ ልጅ እጇ አይጠራም" እያልኩ ስታዘብሽ ከረምኩ።

ሕሊና፦ ድርቆሿስ የት ሄደ? እሱም ታጠበ?

አቶ ደነቀ፦ እሱንም ሳፋውን ሳነሳ አብሬ አነሳሁት። ምግቧና መጸዳጃዋ ጎን ለጎን ሆኖ ማየት ከበደኝ። እንስሳ ብትሆንም ነውር ነው። ወጥ ቤት ጥግ ካርቶን ውስጥ አደረግሁላት፣ እሾህ እሾሁን ለቅሜ፣ እንደ ሰው ትብላ ብዬ።

ሕሊና፦ እሾሁን ለቅመህ?

አቶ ደነቀ፦ ምንጣፉ ላይ እየወደቀ እግሬን እንዳይወጋኝ ነው።

ሕሊና፦ ወጥ ቤት ውስጥ ምንጣፍ የለም።

አቶ ደነቀ፦ ወደፊት ቢነጠፍስ?

ሕሊና፦ አይ አባዬ። ሣሯን ከሳፋዋ ለየህባት፣ ሳፋዋን በበረኪና አጥበህ የሰው አደረግህባት፣ በላዩ ላይ ሳሎኑን ጎዘጎዝክላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ለዘጠኝ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀርቶናል። መጥረጊያውን አምጣ፣ ሁሉንም ጠራርገን እንጣለው።

አቶ ደነቀ፦ ምኑን ነው የምትጥዪው? ቄጠማውን? ሞቼ ነው ቆሜ። ደረጃው ላይ ያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ ሸክሜን እያየ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኝ፣ አሁን በጆንያ ሞልቼ ሳወርደው ቢያየኝ ምን ሊል ነው? የደነቀ ልጅ ሽማግሌ ቀረባት ነው የሚለው።

ሕሊና፦ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉህ ምን አልካቸው?

አቶ ደነቀ፦ አሜን ነዋ። ምርቃት ይመለሳል?

ሕሊና፦ አይመለስም። እንግዲያው ጎንበስ በል፣ በእጃችን እንልቀም። ያንን የሻይ ማንኪያ ያዝ። አንተ ከበሩ፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ።

አቶ ደነቀ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሕሊና፦ አፍሳሿ ሶፋው ሥር ተኝታለች፣ ለቃሚዎቹ እኛ ነን። በል፣ እየለቀምክ መልስልኝ። ዛሬ ምን ልትላቸው ነው?

አቶ ደነቀ፦ እነማንን?

ሕሊና፦ የናሆምን ሽማግሌዎች ነዋ። ሌላ ማንን እንጠብቃለን?

አቶ ደነቀ፦ ወጉን ነው የምላቸው። "ሰምተናል፤ ከዘመድ ጋር እንማከርበት፤ ሌላ ቀን ብቅ በሉ።" ሲመጡ ደግሞ፣ "አጎቷ አልተገኙም፣ ሌላ ቀን።" በሦስተኛው እናያለን። ልጅ በአንድ ምልልስ ትሰጣለች? ከመንገድ አንስቼ ያሳደግሁሽ ነው የሚመስለው።

ሕሊና፦ አያቱ ከወልድያ ድረስ ነው የመጡት። ናሆምን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ነገ ይመለሳሉ፤ በዚያ ጉልበታቸው ሁለተኛ አይመጡም። እሱም ሳምንት ሳይሞላ ለሥራው ጅማ ይወርዳል።

አቶ ደነቀ፦ ይውረዳ። ማን ያዘው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሕሊና፦ የዚህን ፎቅ ደረጃ እስኪያልቅ የተመላለሰ ሰው ሮጠ ይባላል?

አቶ ደነቀ፦ ለጥንቸሏ የሚመላለስ መስሎኛ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ አለኝ፤ "ጥርሷን ልይላት"፣ "ጥፍሯን ልቁረጥላት" እያለ ሶፋዬ ላይ ማታ ድረስ ሲቀመጥ፣ እኔ የዋሁ እራት አቀርብለታለሁ። ጥፍር ቆረጣ እንዲህ ጊዜ የሚፈጅ መስሎኝ።

ሕሊና፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንተ ነህ የማታውቀው?

አቶ ደነቀ፦ ደግሞስ ሰው የወደዳትን ልጅ ቤት ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? አበባ። ደህና ዘመድ ያለው ከሆነ በግ። እሱ ለፋሲካ የማይበላ ነገር ተሸክሞ መጣ።

ሕሊና፦ በግ ቢሆን በዚያው ቀን በልተህ ትረሳው ነበር። ሻሽን ግን ይኸው እስካሁን አልረሳሃትም።

አቶ ደነቀ፦ በጠጥ እያስለቀመችኝ እንዴት ልርሳት? ደግሞ ወገቤ። ለመሆኑ፣ ሽማግሌ ሊመጣ ሲል አባት በጉልበቱ ይንበረከካል ያለው ማነው?

ሕሊና፦ አባዬ፣ በቀልድ እንዳታልፈኝ። ለናሆም የነገርኩትን ልንገርህ። አባቴ ከልቡ እሺ ሳይል የትም አልሄድም ብዬዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ፣ እሱ ጅማ፣ እኔ እዚህ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም።

አቶ ደነቀ፦ እንዲህ አልሽው?

ሕሊና፦ አልኩት።

አቶ ደነቀ፦ እሱስ ምን አለ?

ሕሊና፦ "ልክ ነሽ" አለኝ። እንደሱ ከሚለኝ ቢጨቀጭቀኝ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ደነቀ፦ እዚያ ጋ፣ ከእግርሽ ሥር፣ ሁለት ቀርቷል።

ሕሊና፦ አየሁት።

አቶ ደነቀ፦ ቆይ፣ ቆይ። አንድ ነገር ታሰበኝ። ሽማግሌ እኮ እንደገባ አይቀመጥም።

ሕሊና፦ እንዴት አይቀመጥም? ወንበሩን ከጎረቤት ለምኜ ያመጣሁት ለማን ነው?

አቶ ደነቀ፦ ወጉን አታውቂማ። "ተቀመጡ" ስትያቸው፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም" ብለው በር ሥር ይደረደራሉ። ባለቤቱ ጨካኝ ከሆነ ያቆማቸዋል። የእናትሽ አባት እኔ የላክኋቸውን እንዴት እንዳቆሟቸው ታውቂያለሽ? አንደኛው እግሩ ደንዝዞ ግድግዳ ተደግፎ ነው የወጣው። እኔም እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬ ትንሽ ላቆማቸው አስቤ ነበር።

ሕሊና፦ የወልድያውን ሽማግሌ? በዚያ ጉልበታቸው?

አቶ ደነቀ፦ ትንሽ ነው ያልኩሽ። ነገሩ እሱ አይደለም። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን አንገቱን ይደፋል፣ ወጉ ነው። አንገቱን የደፋ ሰው ምንድነው የሚያየው?

ሕሊና፦ ወለሉን።

አቶ ደነቀ፦ ቄጠማውን ነዋ። ቆመው በቆዩ ቁጥር አብዝተው ያያሉ። እኛ ብንለቅም ብንለቅም አንዳንድ መቅረቱ አይቀርም፤ የኔ ዓይን እንደሆነ ያው ነው። ቄስም አሉበት ብለሽኛል። የጥንቸል በጠጥ መርገጣቸውን ሲያውቁ ኦሪት ጠቅሰው እዚሁ ቆመው ሊያስተምሩኝ ነው።

ሕሊና፦ ስለዚህ ቶሎ ማስቀመጥ አለብህ።

አቶ ደነቀ፦ ቶሎ እንዲቀመጡ ደግሞ ቶሎ እሺ ልል ነው። አየሽ ይቺን ጆሮ ረጅም? ዝም ብላ የበተነች መስሎሻል? ያ ልጅ አሠልጥኖ ነው ያስገባብኝ።

ሕሊና፦ የሽማግሌዎቹ መሪ እሷ ሳትሆን አትቀርም። ቀድማ መጣች፣ ነገሩን ዘረጋች፣ ሶፋ ሥር ገብታ መልስ ትጠብቃለች።

አቶ ደነቀ፦ ሳቂ አንቺ። ሳቂ።

ሕሊና፦ አንተም እየሳቅህ ነው።

አቶ ደነቀ፦ ወገቤ ነው የሚያስቀኝ።

ሕሊና፦ አባዬ፣ ቀና በልና እየኝ። ናሆም ምን ጎደለው?

አቶ ደነቀ፦ ማን ጎደለው አለ? ሰው ነው። እጁ ለስላሳ ነው፣ ሲናገር ቀስ ይላል፣ የበላበትን ሳህን ያነሳል። እሱ ምንም አልጎደለውም።

ሕሊና፦ ታዲያ?

አቶ ደነቀ፦ ጅማ ሩቅ ነው።

ሕሊና፦ ዕድሜ ልክህን የነዳኸው መንገድ ሩቅ ሆነብህ? እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በስሙ ስትጠራልኝ አይደል ያሳደግኸኝ?

አቶ ደነቀ፦ ነዳሁት እንጂ አልቀረሁበትም። በማግሥቱ አዙሬ እመለስ ነበር። ስመለስ እናትሽ አለች፣ አንቺ አለሽ፣ የበሩን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ አላውቅም። አሁን እናትሽ የለችም። አንቺም ስትሄጂ በሩን ራሴ ከፍቼ ልገባ ነው። ፈርቻለሁ ሕሊና። ይኸው፣ ተናገርኩት፤ ተገላገልሽ?

ሕሊና፦ አልተገላገልኩም። እኔም እሱን ነው የምፈራው። ማታ ማታ ስተኛ የማስበው እሱን ነው።

አቶ ደነቀ፦ ኩልሽን እንዳታበላሺው። ፀጉር ቤት የዋልሽው ለኔ ልታለቅሺ አይደለም።

ሕሊና፦ ከኛ ጋር ና። ናሆም ራሱ ነው ያነሳው፣ ለአባትሽ አንድ ክፍል ይኖራል ብሎኛል።

አቶ ደነቀ፦ አማቹ ገና ሚስቱን ሳይለምድ እኔን ይልመድ? ዕድሬ እዚህ፣ ወዳጆቼ እዚህ፣ ከሥር ያለው ካፌ ወንበሬን የሚያውቀው እዚህ። አይሆንም። በእንግድነት እመጣለሁ፤ ዶሮ ትሠሪልኛለሽ፣ ጨው በዛበት እልሻለሁ፣ እመለሳለሁ።

ሕሊና፦ እንግዲያው እኔ ልቅር።

አቶ ደነቀ፦ ቀርተሽ ምን ልትሆኚልኝ? ግንባሬ ላይ ያለ መነጽር ስትጠቁሚኝ ልታረጂ? እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አታንሺብኝ። እናትሽ ብትሰማ እኔን ነበር የምትቆጣው።

ሕሊና፦ ቢያንስ አንድ ነገር እናቀልልሃለን። ሻሽን ይዘናት እንሄዳለን። ናሆም መንገድ ላይ የምትያዝበት የእንጨት ሣጥን ሠርቶላታል። ከድርቆሹም፣ ከሳፋውም፣ ከበጠጡም ትገላገላለህ።

አቶ ደነቀ፦ ማን ገላግሉኝ አለ?

ሕሊና፦ አንተ ነሃ። ጠዋት ማታ "ይቺን ጆሮ ረጅም ከቤቴ አውጡልኝ" የሚለው ማነው?

አቶ ደነቀ፦ ሰው ሲመረው የሚናገረው ሁሉ ይያዛል? ደግሞስ ጅማ ዝናብ ነው። ድርቆሽ እዚያ አገር ይሻግታል። የሻገተ ድርቆሽ ሆዷን ነፍቶ ይገድላታል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ሕሊና፦ ያኔ እኮ ጋዜጣ እያነበብክ ነበር። የምትሰማኝ መች መሰለኝ።

አቶ ደነቀ፦ ጋዜጣ በዓይን ነው የሚነበበው፣ ጆሮዬን ምን ያዘው? እዚህ በረንዳው ፀሐይ አለው። ድርቆሹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አሰጣዋለሁ፣ አሽትቼ ነው የማስገባላት። እዚያ ማን ያሸትላታል? ሁለታችሁም ሥራ ትውላላችሁ።

ሕሊና፦ ታሸታለህ?

አቶ ደነቀ፦ ደህና ድርቆሽ ሻይ ቅጠል ቅጠል ይላል፣ የተበላሸው አቧራ አቧራ ይላል። ያሸተተ ሁሉ ያውቀዋል፣ ምን ያስገርማል?

ሕሊና፦ እኔ ሥራ ስውል እናንተ ሁለታችሁ ምን ስታደርጉ ነው የምትውሉት?

አቶ ደነቀ፦ ምን እናደርጋለን፣ ሬዲዮ እንሰማለን። ዜና ሲሆን ጆሮዋን ታቆማለች፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። ከኔ ዘመዶች የተሻለ አእምሮ አላት። እሱን ተዪና ከሶፋው ሥር አውጪያት፣ ሊረግጧት ነው።

ሕሊና፦ እንቢ አለችኝ።

አቶ ደነቀ፦ እንደሱ አትጎትቻት። ዞር በዪ። ሻሽዬ። ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ነይ፣ ሰው መጣብን። ይኸው፣ አየሽ?

ሕሊና፦ ሻሽዬ?

አቶ ደነቀ፦ አፍሽን ዝጊና የክፍሏን በር ክፈቺላት። ሳፋዋን ከበረንዳ አምጪ፣ ድርቆሿን ከካርቶኑ አውጥተሽ እንደድሮው ጠርዙ ላይ አድርጊላት። ከእነዚህም ከለቀምናቸው ጥቂቱን ጣል አድርጊበት፣ የሷ መሆኑን ትወቀው። ነውሩን እኔ እችለዋለሁ።

ሕሊና፦ እሺ። ይኸው ገባች። አባዬ፣ ደረጃው ላይ ድምፅ አለ። ከዘራም ይሰማኛል።

አቶ ደነቀ፦ ሰምቻለሁ። እጅሽን ታጠቢ። ጋቢዬን ከኋላ አስተካክዪልኝ። ጉልበቴ ላይ ቄጠማ አለ?

ሕሊና፦ አራገፍኩልህ። ምን ልትላቸው ነው?

አቶ ደነቀ፦ ተቀመጡ እላቸዋለሁ። አንቀመጥም ሲሉኝ፣ "የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ፣ ልጄ ወዳዋለች፣ እኔም ወድጄዋለሁ፣ እሺ ብያለሁ" እላቸዋለሁ። አያቱን እጃቸውን ይዤ ራሴ አስቀምጣቸዋለሁ።

ሕሊና፦ በጠጡን ፈርተህ ነው ወይስ ከልብህ?

አቶ ደነቀ፦ ከልቤ ነው። ነይ ሳሚኝ፣ ከዚያ በሩን ክፈቺ።

ሕሊና፦ ሻሽን ይዘን መሄዳችንንም አብረህ ትነግራቸዋለህ?

አቶ ደነቀ፦ ያንቺ ዛሬ አልቋል። ለሻሽ ግን ሌላ ሽማግሌ ይላኩ፤ እሱንም ሦስት ጊዜ ሳላመላልስ መልስ የለኝም።